እሳት ያላየ ቢላዋ

ሰውን መናቅ ኃጢአት እንደሆነ አውቃለሁ። በየእሑዱ ይነገረኛል፤ እሺ ብዬም እወጣለሁ። ነገር ግን ወልቂጤ ላይ የስብሰባ አዳራሽ ጠባቂ ሆኖ እንደ እኔ ብዙ ዘመን የኖረ ሰው ሳይንቅ ጡረታ ይወጣል ብዬ አላምንም። አናጢ እጁ ላይ ጠባሳ ይኖረዋል፤ የእኔ ጠባሳ ንቀት ነው።

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። የቀረውን ያስተማረኝ የአዳራሹ በር ነው፤ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጬ ያልሰማሁት ስልጠና የለም። ስልጠናው በየዓመቱ ስሙን ይለውጣል፤ ብስኩቱ ግን ያው ነው። አሰልጣኝ ሲመጣ ካርቶኑንና ፕሮጀክተሩን እሸከማለሁ፣ መስኮቱን እጋርዳለሁ፣ መብራት ሲጠፋም የምጠየቀው እኔ ነኝ። ሰልጣኙ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ አበል መቼ እንደሚሰጥ ነው፤ ቀጥሎ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ። ስለ ትምህርቱ የጠየቀኝ ሰው ትዝ አይለኝም።

የማወራው ሁሉም ሰው በአንድ ለአምስት በተደራጀበት ዘመን ነው። ያን ጊዜ ላልደረሰበት ልንገረው፤ አምስት ሰው በአንድ ሰው ሥር ይሆናል፣ ያ አንዱ ደግሞ ከመሰሎቹ ጋር በሌላ ሰው ሥር፣ እንዲህ እያለ ወደ ላይ ይሄዳል። ገበሬው፣ ተማሪው፣ ሐኪሙ፣ ማንም አይቀርም። እኔ እንኳ ከጽዳት ሠራተኞቹና ከአትክልተኛው ጋር ተደራጅቼ ነበር። በየሳምንቱ እንሰበሰብና "ችግር አለ?" "የለም" ተባብለን፣ ፈርመን እንለያያለን።

አንድ ቀን ስለ ውስብስብነት የሚያስተምር ዶክተር ከአዲስ አበባ መጣ። ጫማው ሹል፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ገና ወጣት። ወንበሮቹን እንደ ልማዴ በረድፍ ደርድሬ ጨርሻለሁ።

"አባባ፣ ክብ ያድርጓቸው" አለኝ።

"ለምን ዶክተር?"

"ረድፍ የድሮ አስተሳሰብ ነው። እውቀት ከፊት ወደ ኋላ አይፈስም፤ በመካከላችን ነው የሚወለደው።"

መቼም የሚወለድ ነገር አይከለከልም። ክብ አደረግኋቸው። ፕሮጀክተሩ ግን የሚያበራው አንዱ ግድግዳ ላይ ነው፤ ለዚያ ግድግዳ ጀርባቸውን የሰጡት ሰዎች አንገታቸው ተጠማዘዘ። አንዱ ወንበሩን ትንሽ አዞረ፣ ሌላው ሄዶ ከኋላው ተቀመጠ፣ ሻይ ሳይደርስ ማንም ሳያዝ ወንበሮቹ ተመልሰው ረድፍ ሆኑ። ዶክተሩ በዚያ ሰዓት የሚያስተምረው ጉንዳኖች ያለ አዛዥ እንዴት እንደሚሰለፉ ነበር። አፍንጫው ሥር የሆነውን አላየም።

ትምህርቱን ግን፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ወደድኩት። "መኪና ብዙ ክፍል አለው" አለ፤ "ግን ፈትታችሁ መልሳችሁ ትገጥሙታላችሁ። ማኅበረሰብ ተፈትቶ አይገጠምም። እዚህ አንድ ክር ስትስቡ፣ ያላሰባችሁት ቦታ ይቀደዳል።" ይህን ማንም ሽማግሌ ያውቀዋል፤ ተማረ የተባለ ሰው ሲለው ግን ደስ ይላል። ቀጠለና ደግሞ እንዲህ አለ፦ "አንድ መንደር፣ በውስጡ ካሉት ሰዎች አንዱም የማያውቀውን ነገር ሊያውቅ ይችላል።" እዚህ ላይ ሳቄ መጣ። ማንም የማያውቀውን የሚያውቅ መንደር! ሳቄን በሳል ሸፈንኩት። ለዚህ ለዚህማ እኔም አሰልጣኝ መሆን እችል ነበር፣ አልኩ በልቤ።

በመጨረሻ ከሰልጣኞቹ አንዱ፣ ከወረዳ የመጣ ሹም፣ እጁን አወጣ። "ይህ ያስተማሩን ነገር ከአንድ ለአምስት አደረጃጀታችን ጋር ይጋጫል ወይስ ይደግፈዋል?"

ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። አድርጎ እንደገና አወለቀው።

"እጅግ ይደግፈዋል" አለ።

ጉንዳኖቹ እዚያው ላይ ተደራጁ።

የናቅሁት ያን ቀን ነው። ፈራ ብዬ አልናቅሁትም፤ በዚያ ዘመን ማን አልፈራም። የናቅሁት ከፈራ በኋላ እንደገና ስለ ጉንዳን ስላወራ ነው።

አሁን ስለ እህቴ ልናገር፣ ነገሩ ሁሉ የእሷ ነውና። የእናቴ የመጀመሪያ ልጅ ናት፤ እኔን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ። ባሏ ከሞተ በኋላ ከጉብሬ በእግር አንድ ሰዓት በሚያስኬድ መንደራችን ብቻዋን ትኖራለች። ልጆቿ አዲስ አበባ ነጋዴዎች ናቸው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ቤታቸው ሊወስዷት በየበዓሉ ይጨቀጭቋታል። እሷ መልሷ አንድ ነው፦ "እንሰቴን ለማን ጥዬ?"

እውነቷን ነው። እንሰት እንደ በቆሎ ዛሬ ተዘርቶ ለከርሞ አይበላም። ችግኙ ይተከላል፣ ይነቀላል፣ ቦታ ተለውጦ እንደገና ይተከላል፤ ተፍቆ ቆጮ እስኪሆን ስንት ዓመት ይፈጃል። ጓሮዋ ውስጥ የዚህ ዓመቱም፣ የዛሬ አምስት ዓመቱም ጎን ለጎን ቆሟል። ያ ጓሮ እስካለ ድረስ እህቴ በቤቷ ናት። ያ ጓሮ የጠፋ ቀን አራተኛ ፎቅ ትወጣለች። ይህን እሷም ታውቃለች፣ ልጆቿም ያውቃሉ፣ እኔም አውቅ ነበር።

ታዲያ እኔ ምን አደረግሁ? ለዶክተሩ ሻይ ስቀዳ አፌን ከፈትኩ። "በእህቴ መንደር፣ ከታችኛው ጫፍ ሁለት ጓሮ ላይ እንሰት መጠውለግ ጀምሯል" አልኩት። ባለሙያዎቹ አጠውልግ የሚሉት በሽታ ነው፤ ከመካከል ያለው ቅጠል ጫፉ ይሰበራል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ እንሰቱ ቆሞ ይበሰብሳል።

"ይህማ ትክክለኛ ውስብስብ ችግር ነው!" አለ። ሰው በሽታ ሰምቶ ፊቱ እንዲያ ሲበራ አይቼ አላውቅም። የመስክ ልምምዱን እዚያ ለማድረግ በዚያው ወሰነ።

በሁለት መኪና መጡ፤ መንገድ መሪው እኔ ነበርኩ። መኪናዎቹን ጀፎሮው ላይ አቆሙ። ጀፎሮ ማለት በቤቶቹ ፊት የተዘረጋው ሰፊው የሣር መንገዳችን ነው፤ ለቅሶም ሠርግም ሽምግልናም የሚደረግበት፣ ጎማ የማይወጣበት። ሽማግሌዎቹ ጎማውን አዩ፣ እኔን አዩ። ዶክተሩ ትልቅ ወረቀት አንጥፎ ሴቶቹን በዙሪያው ሰበሰበ። ለየቤቱ አንድ ነጥብ፣ ለየዝምድናው አንድ ክር ይስላል።

"እናቴ፣ እርስዎ ከማን ጋር ነው የሚሠሩት?" አላት እህቴን።

"ከሚጠራኝ ጋር።"

"ማን ነው የሚጠራዎት?"

"የጠራሁት ነዋ።"

ሴቶቹ ሳቁ። እሱ ጻፈ። ሲጨርስ ወረቀቱ ዶሮ የጫረችው መሬት መሰለ። ተመራምሮ የደረሰበት ይህ ነው፦ የላይኛው ጫፍና የታችኛው ጫፍ አብረው አይሠሩም፤ ስለዚህ የመንደሩ ትስስር ደካማ ነው፤ መጠናከር አለበት። የወረዳው ሹም ይህን ሲሰማ ማጠናከሪያውን አስቀድሞ ኪሱ ውስጥ ይዞት ነበር። ሴቶቹ በዘመድ መጠራራታቸው ቀርቶ፣ ከላይ አንድ ከታች አንድ እየተደባለቁ በአንድ ለአምስት ይደራጁ፤ ለየቡድኑ አዲስ የእንሰት ቢላዋ ይሰጥ፤ ቢላዋው በተራ ከቤት ቤት ይዙር፣ ሴቶቹም ተከትለውት ይሥሩ።

የቀበሌዋ የግብርና ሠራተኛ፣ ገና ልጅ የሆነች፣ "በሽታው በቢላዋ ይተላለፋል እኮ" አለች፣ ለመሬቱ የምታወራ ይመስል።

"ጥሩ ነጥብ ነው" አላት ዶክተሩ። "መመሪያው ውስጥ እናስገባዋለን።"

ገባም። "መሣሪያን በንጽሕና መያዝ" ይላል። ሴቶቹ ቢላዋውን በውሃ ያጥቡት ነበር፤ ያበራ ነበር። ቢላዋዎቹን ከወልቂጤ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ በሚኒባስ፣ ጭኔ ላይ አድርጌ፣ እንደ ሙሽራ ጌጥ። እህቴ የቡድን መሪ ሆና ስለነበር ኩራቱ ለእኔ ተርፎ ነበር።

አንድ ክረምት አለፈ። መስቀል ሲቃረብ ስልኬ ጮኸ፣ እህቴ ናት፤ ጉራጊኛችን ብዙ ቃል አለው፣ እሷ የተጠቀመችው ግን አንዱን ብቻ ነው። "ና" አለችኝ።

ስደርስ ጓሮ ውስጥ ቆማለች። ከትልልቆቹ የአንዱ የመካከል ቅጠል ተሰብሯል። በቢላዋ ወጋ አደረገችውና አሳየችኝ፤ ቢጫ መግል ወጣ። ቀጥሎ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን።

"ልጆቼ ሰምተዋል" አለች። "ለመስቀል መጥተው ሊወስዱኝ ነው።"

ጀፎሮውን ይዤ ከቤት ቤት ሄድኩ። በሽታው የት እንደገባ ለማወቅ ሰው መጠየቅ አላስፈለገኝም። የቡድኑን ዝርዝር አውቀው ነበር፤ በሽታው በዝርዝሩ ተራ ነው የሄደው። ከታችኛው ጫፍ ተነሥቶ፣ በዝርዝሩ የሌለውን የቅርብ ዘመድ ጓሮ ዘልሎ፣ በቀጥታ ላይኛው ጫፍ ወጥቷል። ትስስሩ ተጠናክሮ ነበር።

ዶክተሩ ውጤቱን ሊያቀርብ ወደ አዳራሹ ተመልሶ መጣ። ወንበሮቹን ክብ አድርግ ሳይለኝ ክብ አደረግሁለት። ሁለት ሥዕል አሳየ፤ ፊት የነበረው ክር ስስ፣ አሁን ያለው ወፍራም። ተጨበጨበ። በሻይ ሰዓት ጠጋ አልኩት።

"ዶክተር፣ ያ ክር ያሉት ነገር ላይ የሚሄደው ቢላዋ ነው። ቢላዋው ላይ ደግሞ በሽታው። የእህቴ ጓሮ አለቀ።"

ዓይኑን ጨፈነ፣ ከፈተ። "አባባ፣ እንዴት ያለ አባባል ነው! ጽሑፌ ውስጥ ላስገባው?"

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ሻዩን ፊቱ ላይ ልደፋው ትንሽ ነው የቀረኝ። ሰውዬው አስክሬን ቢያሳዩት የመገነዣውን ጨርቅ ሽመና የሚያደንቅ ነው። ነገር ግን ማስታወሻው ላይ እየጻፈ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ።

"ድሮ ሴቶቹ ደቦ ሲወጡ ቢላዋቸውን ይዘው አይሄዱም ነበር?"

"ይሄዱ ነበር እንጂ። ባዶ እጅ ደቦ መሄድ ነውር ነው።"

"በሽታውስ? ያን ጊዜ አልነበረም?"

"ነበረ። አንድ ሁለት ጓሮ ይነካና ይቆማል።"

"ታዲያ ያኔ ምን አቆመው?"

"እኔ ምን አውቄ" አልኩና ብርጭቆ መሰብሰብ ጀመርኩ።

ወደ ጉብሬ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ በሁለት ጆንያ መካከል ተጣብቄ፣ አወቅሁ። ብወርድ ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን ሰው ካወቀው ነገር ላይ የሚወርድበት ፌርማታ የለም።

እናታችን እንሰት የሚፋቅ ቀን ጓሮ በር ላይ ትቆማለች። የጎረቤት ሴት ቢላዋዋን ይዛ ስትመጣ እናቴ ትቀበላትና ቢላዋውን ምድጃ ውስጥ፣ ፍሙ ላይ ታስቀምጠዋለች። "ከመንገድ የመጣ ቢላዋ እሳት ይየው" ትላለች። ከዚያ በከንፈሯ የሆነ ነገር ታነበንባለች፤ ለማን እንደሆነ አናውቅም። ቢላዋው ሲግል አውጥታ ትሰጣለች። ይህ በየቤቱ ይደረግ ነበር። ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም፤ አያቷም አድርጋዋለች፣ በቃ።

ይህን ያስቀረው ደርግ አይደለም፣ ኢሕአዴግም አይደለም። እኔ ነኝ።

ደርግ ወድቆ መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ጌታን ተቀብዬ ነበር። እንደ አዲስ ጥጃ አልታሰርም አልኩ። ከመሰሎቼ ጋር መንደር እየዞርን የእናቶቻችንን ልማድ አንድ በአንድ ለቀምን፤ ዛፉን፣ ቅቤውን፣ ማነብነቡን። እህቴ ጓዳ ገብቼ ምድጃው ላይ ቢላዋ አየሁና ጮኽኩ።

"ወይ ጌታን ወይ እሳቱን!"

"እሳቱ ደግሞ ምን አደረገህ?" አለችኝ።

"ባዕድ አምልኮ ነው፣ እትዬ!"

ቢላዋውን አወጣች። አላመነችኝም፤ ትወደኛለች እንጂ። እሷ ስትተው ሌሎቹም ተዉ፣ በመንደሩ ሴቶች ዘንድ የተከበረች ናትና። ስመለስ ዘምሬ ተመለስኩ።

ስለዚህ ያ የሳቅሁበት ነገር እውነት ነበር። መንደሩ ማንም የማያውቀውን ያውቅ ነበር። እናቴ ስለ በሽታው አታውቅም፤ እሳቱ መንገዱን እንደሚቆርጠው አታውቅም። መንደሩ ግን በእጇ በኩል ያውቅ ነበር። የእናቴ ቃል ስህተት ሊሆን ይችላል፣ እጇ ግን ልክ ነበር። የዶክተሩ ቃል ልክ ነበር፣ እጁ ስህተት። የእኔ ሁለቱም ስህተት ነበር፣ በዚያ ላይ እዘምር ነበር። ሰውን እየናቅሁ የኖርኩት እንግዲህ በዚህ ብቃቴ ነው።

እህቴ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ሳልቀመጥ ተናገርኩ።

"እትዬ፣ እሳቱ ነው። እማማ የምታደርገው።"

"አሁን ነው የታወሰህ?"

"አንቺ ታውቂ ነበር?"

"እኔ መቼ ረሳሁት። በሽታ ይከለክላል ብዬ አይደለም፤ ግን ከተተወ ወዲህ ደስ ብሎኝ ፍቄ አላውቅም።"

"ታዲያ ያን ሁሉ ሰው ይዤ ስመጣ ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንተ ስትናገር ማን ፋታ አግኝቶ? ያኔ ከመጽሐፍ አመጣህ፣ አሁን ከአዳራሽ አመጣህ። ይልቅ ና፣ ላሳይህ።"

ከቤቱ ጀርባ፣ ጠባቧ ቦታ ላይ፣ የዘንድሮ ችግኞቿ አሉ። ገና ስለሆኑ የማንም ቢላዋ አልደረሰባቸውም። ቅጠላቸው ቀጥ ብሎ ቆሟል። በሁለት ጣቷ አንዱን ዳበሰች፤ ልጅ ትኩሳት እንዳለው እንደሚዳሰሰው።

በማግስቱ የታመሙትን እንሰቶች ነቅለን ለመቅበር ደቦ ተጠራ። ያቺ ድምፅዋ ዝቅ ያለው የግብርና ሠራተኛም መጣች። ስለ እሳቱ ብነግራት "ስንማር እኮ ነግረውን ነበር" አለች፤ "ለወረዳው ብዬ ብዬ ደከመኝ።" እሷንም ልንቃት ከጀመርኩ በኋላ ተውኩት፤ የጠየቃት ሰው አልነበረም፣ እኔን ጨምሮ።

ምድጃው አጠገብ ያስቀመጡኝ እኔን ነው። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ወንድ ጓዳ አይገባም፤ ሴቶቹ በር ላይ እየደረሱ ቢላዋና ገጀራቸውን ሲሰጡኝ ሳቃቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። ፍሙ ላይ አገላብጬ፣ ሲቀላ አውጥቼ እሰጣለሁ።

"እትዬ፣ ወንድምዎ ምን እያሉ ነው የሚያግሉት?" አለች አንዷ።

"ምንም አይልም" አለች እህቴ ከጓሮ። "ዝም ሲል ነው የሚሠራለት።"

ልጇ ከአዲስ አበባ የደረሰችው ያን ጊዜ ነው። መኪናዋን ከጉብሬ መንገድ ዳር ትታ በእግሯ መጥታለች፣ ጀፎሮን ታውቃለችና። ባዶ ሻንጣ ይዛለች፤ ለእናቷ ልብስ። የተቆፈረውን ጓሮ አየች፣ እኔን አመድ ለብሼ አየችኝ።

"እማ፣ እንግዲህ ምን ቀረሽ? እንሂድ" አለች።

"እሄዳለሁ" አለች እህቴ። "ማን አልሄድም አለ? እነዚያ ችግኞች ይድረሱና ፍቄ፣ ቆጮዬን ይዤ እመጣለሁ። ባዶ እጅ ልምጣ?"

"መቼ ነው የሚደርሱት?"

"አጎትሽን ጠይቂው። አዳራሽ ነው የኖረው።"

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። በጣቴ ቆጠርኩ፤ አንዴ ሲነቀል፣ ሁለተኛ ሲተከል፣ ቦታ ሲለቅ። አንድ እጅ አልበቃኝም።

"ስድስት ዓመት" አልኩ። "ያኔ ደግሞ ከሥራቸው አዲስ ችግኝ ይኖራል።"

ልጅቷ ሻንጣዋ ላይ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ ነጠላዋን አሸረጠች፣ ግድግዳው ላይ ተሰክቶ የነበረ ቢላዋ ነቅላ ወደ ጓሮው አመራች። በሩ ላይ እናቷ እጇን ያዘች።

"አጎትሽ ጋ" አለቻት። "መጀመሪያ አጎትሽ ጋ።"

ሰጠችኝ። ፍሙ ላይ አስቀመጥኩት፣ ዝምም አልኩ።